ደረሰኙ አለ፣ ግን አይከፈትም፦ በጅማ የአንድ ቡና አቅራቢ ቢሮ የጉዳይ ጥናት

ቢሮው ጅማ መርካቶ አካባቢ፣ ከአንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከማናና ከሊሙ በኩል እሸት ቡናና ጀንፈል የሚረከቡ ጣቢያዎች አሉት። እያንዳንዱ ርክክብ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ደረሰኙ ወይ ቢሮው ውስጥ በስካነር ይነሳል፣ ወይ የጣቢያው ሠራተኛ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልከዋል። የምርት ገበያው መጋዘን የሚሰጠው የደረጃ ማረጋገጫ፣ የጭነት መኪና መሸኛውና የባንክ ገቢ ወረቀቱም ወደዚያው ማህደር ይገባሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማው ሲጧጧፍ ማህደሩ በየቀኑ ይወፍራል።

ኮምፒውተሮቹ አሮጌዎች ናቸው። ሁለቱ ላይ ደቢያን ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል የስክሪን ገጽታ ጋር ተጭኖባቸዋል። ሦስተኛው፣ የሒሳብ ሹሙ የሚሠሩበት፣ ዊንዶውስ ነው፤ የሒሳብ ፕሮግራማቸው የሚሠራው በእሱ ላይ ብቻ በመሆኑ አልተቀየረም። በመዳፊት ማህደሩን ከፍቶ አንድ ደረሰኝ መፈለግ በሊኑክሶቹ ላይ ትዕግሥት ይፈትን ነበር። የፋይል ማሳያው ለእያንዳንዱ ሰነድ ትንሽ ምስል እየሠራ ስለሚያሳይ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ያሉበት ማህደር ተከፍቶ እስኪረጋ ድረስ፣ ስንት ፈረሱላ እንደተመዘገበለት ሊጠይቅ የመጣ ገበሬ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ከመጨለሙ በፊት ለመመለስ የሚቸኩል ሰው ነው። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ትእዛዝ መስመር እንዲዞር ተወሰነ። መዝገብ ያዧ ጥቁሩን መስኮት ከፍተው «ደረሰኝ» ብለው ቁጥሩን ይተይባሉ፣ አስገባ ይላሉ፣ ሰነዱ በራሱ መመልከቻ ይከፈታል።

በቁጥር እንጂ በስም እንዳይፈለግ የተደረገው በምክንያት ነው። የአንዱ ገበሬ ስም በአንደኛው ጣቢያ «ሐሰን»፣ በሌላው «ሀሰን» ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለቱ ፊደላት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፣ በአንዱ የተፈለገው በሌላው አይገኝም። ለፋይል ስም የደረሰኝ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ይበቃል።

ከትእዛዙ ጀርባ ያለው ሥራ አጭር ነው። ቁጥሩን በማህደሩ ውስጥ ይፈልጋል፤ አንድ ፋይል ካገኘ ለ«ኤክስዲጂ-ኦፕን» ያስረክበዋል፤ ከአንድ በላይ ካገኘ ዘርዝሮ የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ይህ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንድ ፋይል ወይም አንድ አድራሻ ብቻ ነው። (የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በእኛ ፊደል ጽፌያለሁ፤ ሲተየቡ ግን በላቲን ነው።) «ኤክስዲጂ-ኦፕን» ራሱ ምንም ሰነድ አያነብም። በ2006 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው የመሣሪያዎች ጥቅል ውስጥ የተካተተ አገናኝ ነው፤ የትኛው ገጽታ ላይ እንዳለ ያጣራና ጥያቄውን ለዚያ ገጽታ የራሱ መክፈቻ ያስተላልፋል። በኤክስኤፍሲኢ ላይ «ኤክሶ-ኦፕን»፣ በኬዲኢ ላይ «ኬዲኢ-ኦፕን»፣ በጂኖም ላይ «ጂአይኦ ኦፕን» ሥራውን ይረከባሉ። ተጠቃሚው ግን አንዷን ትእዛዝ ብቻ ማወቅ ይበቃዋል። ማክ ላይ ተመሳሳዩ ትእዛዝ በቀላሉ «ኦፕን» ይባላል፤ የመጣውም ማክ ከወረሰው ኔክስትስቴፕ ከተባለው ሥርዓት ነው።

ለአንድ የለቀማ ወቅት ያለ እንከን ሠራ።

ቅሬታው የመጣው በተከታዩ ዓመት ነው። አዲስ የተቀጠረ ወጣት የቡና ናሙና ፎቶዎችን ቆርጦ ለገዢዎች ለመላክ ጊምፕ የተባለውን የምስል ማረሚያ ጫነ። በማግስቱ ጠዋት መዝገብ ያዧ እንደ ልማዳቸው ቁጥር ሲተይቡ የወጣው ሰነዱ ሳይሆን «ስንተኛውን ገጽ በምን ያህል ጥራት ላስገባ?» የሚል የእንግሊዝኛ መጠየቂያ ነበር። ዘጉት፣ ደገሙት፣ ያው ነው።

«ልጄ፣ ትናንት በአንድ ጊዜ ይከፈት የነበረው ዛሬ ምን ነካው?» አሉኝ መዝገብ ያዧ በስልክ፤ ኮምፒውተሮቹን የምከታተለው እኔ ነኝና። «ቫይረስ ይሆን እንዴ?»

«ቫይረስ አይመስለኝም እትዬ፤ ምንም ሳይነኩ ይቆዩኝ፣ መጥቼ አያለሁ» አልኳቸው።

ምንም እንዳይነካ ማለቴ ለወጉ አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ አዲሱን ፕሮግራም ያጠፋል፣ ሥርዓቱን እንደገና ይጭናል፣ ወይም በፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ እያደረገ የተለያየ ነገር ይሞክራል። ችግሩ ሊጠፋም ይችላል፤ የት እንደነበረ ግን አይታወቅም። የትእዛዝ መስመር ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽኑን ከመቀየር በፊት መጠየቅ ይቻላል፣ የሚጠየቁትም ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ይህ ፋይል ምን ዓይነት ነው ብለህ ታስባለህ? ለዚህ ዓይነትስ የመደብከው ማንን ነው? በመዳፊት ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ተጠቅልለው ስለሚያልፉ፣ ስህተቱ ከየትኛው እንደመጣ አይለይም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው «ኤክስዲጂ-ማይም ኪዌሪ ፋይልታይፕ» ብሎ የፋይሉን ስም በማስከተል ነው። መልሱ «አፕሊኬሽን/ፒዲኤፍ» ሆነ፤ ትክክል ነው። ይህ ባለ ሁለት ክፍል አጠራር ለኢሜይል የተፈጠረ ነው። በ1992 እንደ ፈረንጆቹ ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ በደብዳቤ ውስጥ ምስልና ድምፅ መላክ እንዲቻል ማይም የተባለውን ደንብ ሲጽፉ፣ ተቀባዩ ኮምፒውተር የደረሰው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። ዛሬ ኢሜይል በሌለበት ኮምፒውተር ውስጥ እንኳ የፋይል ዓይነት የሚጠራው በዚያው ስም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ኤክስዲጂ-ማይም ኪዌሪ ዲፎልት አፕሊኬሽን/ፒዲኤፍ» ነው። መልሱ «ጊምፕ.ዴስክቶፕ» ሆኖ ወጣ። ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ ዓይነቱም በትክክል ታውቋል፤ የተቀየረው ተመዳቢው ነው።

ለምን እንደተቀየረ መረዳት ከማስተካከሉ ይበልጣል። በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ሲጫን መጨረሻው «.ዴስክቶፕ» የሆነ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል በጋራ ማህደር ውስጥ ያስቀምጣል። በውስጡ የፕሮግራሙ ስም፣ የሚነሳበት ትእዛዝና ሊከፍታቸው የሚችላቸው ዓይነቶች ተዘርዝረዋል። ጊምፕ የፒዲኤፍ ገጾችን እንደ ምስል ማስገባት ስለሚችል በዝርዝሩ ውስጥ ፒዲኤፍ አለ። ሊብረኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራሞች ጥቅል ያለው የሥዕል ክፍልም እንዲሁ። ሁለቱም እውነቱን ተናግረዋል፤ መክፈት ይችላሉ። ተጠቃሚው ግን «ለፒዲኤፍ የምፈልገው ይህንን ነው» ብሎ የጻፈው ነገር ከሌለ፣ ሥርዓቱ ከቻዮቹ መካከል አንዱን በራሱ አሰላለፍ ያነሳል። በዚህ ቢሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ፒዲኤፍ አትሪል በተባለው መመልከቻ ይከፈት የነበረው ማንም ስለመረጠው አልነበረም፤ አሰላለፉ ስለደረሰለት ብቻ ነው። አዲስ ቻይ ሲመጣ አሰላለፉ ተናጋ። ወጣቱ አንዳችም ጥፋት አልሠራም፣ ይህንንም በሠራተኞቹ ፊት ተናግሬያለሁ፤ ፕሮግራም በመጫኑ ብቻ ሲወቀስ ሰንብቶ ነበርና።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ «ኤክስዲጂ-ማይም ዲፎልት አትሪል.ዴስክቶፕ አፕሊኬሽን/ፒዲኤፍ»። ትእዛዙ በተጠቃሚው የግል ማህደር ውስጥ «ማይምአፕስ.ሊስት» በሚባል ፋይል ላይ ምርጫውን ይጽፋል። ያንን ፋይል በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል፤ ነባሪ ፕሮግራሞች (ሰነዱን በቀዳሚነት የሚከፍቱት)፣ የተጨመሩ ትስስሮችና የተሰረዙ ትስስሮች በሦስት ርእስ ተከፍለው ይቀመጡበታል። መዝገብ ያዧ ራሳቸው እንዲያዩት አደረግኩ። «ይህችው ናት?» አሉ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው። አዎ፣ ያችው ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቀላሉ ይዘለላል። የተጻፈው ምርጫ የሚሠራው ለጻፈው ተጠቃሚ ብቻ ነው። በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ በየራሳቸው መግቢያ ይሠራሉ፤ ለአንዱ ቢስተካከል ለሌላው ያው እንደነበረ ይቀጥላል። ለሁሉም እንዲሆን ምርጫው በሥርዓቱ የጋራ ማህደር ውስጥ ባለው አቻ ፋይል ላይ መጻፍ አለበት፤ ይህ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። የግል ምርጫ ካለ ግን የጋራውን ይሽረዋል። ስለዚህ የሁለቱ ሠራተኞች የግል ፋይሎች ታይተው የሚጋጨው መስመር ወጣ፣ ከዚያ የጋራው ተጻፈ። ለጄፔግና ለፒኤንጂ ምስሎችም ሪስትሬቶ የተባለው የፎቶ መመልከቻ፣ ለሠንጠረዦች ሊብረኦፊስ በግልጽ ተመደቡ።

ጉዳዩ እዚህ ያለቀ መስሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አንዳንድ ደረሰኞች በትክክለኛው ፕሮግራም ተከፍተው፣ ፕሮግራሙ «ይህንን ሰነድ ማንበብ አልቻልኩም» ማለቱን ቀጠለ። የመጡት ሁሉ ከአንድ ጣቢያ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ደገምነው፤ መልሱ አሁንም «አፕሊኬሽን/ፒዲኤፍ»። ነገር ግን እንደ ፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ ዩኒክስ በተባለው የሊኑክስ ቀዳሚ ሥርዓት ላይ ያለውና የፋይሉን ውስጥ ገልጦ የሚያየው «ፋይል» የተባለው ትእዛዝ ሲጠየቅ «ኢሜጅ/ጄፔግ» አለ። ሁለቱ መሣሪያዎች ስለ አንድ ፋይል ሁለት የተለያየ ነገር ተናገሩ፤ ሁለቱም ግን እንደ አሠራራቸው ልክ ናቸው። የቡና መጋዘን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። አንዱ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ያነባል፣ ሌላው ጆንያውን ወግቶ ፍሬውን አውጥቶ ያያል። የገጽታው መክፈቻ በአብዛኛው መጀመሪያ ስሙን ያያል፤ የስሙ መጨረሻ የሚታወቅና የማያሻማ ከሆነ በዚያ ይረካል። ስሙ ካልነገረው ብቻ ወደ ውስጡ ይመለከታል። ሰነዶች በመጀመሪያዎቹ ባይቶቻቸው ይታወቃሉ፤ የፒዲኤፍ ሰነድ ከፐርሰንት ምልክት ቀጥሎ የገዛ ስሙን በላቲን ፊደል ይዞ ይጀምራል፤ የአዲሱ ወርድ ሰነድ ደግሞ በእርግጥ የዚፕ ጥቅል ስለሆነ የሚጀምረው ዚፕን በፈጠረው በፊል ካትዝ የስም መነሻ ፊደላት ነው።

ወደ ጣቢያው ስንደውል ምስጢሩ ተገለጠ። ቢሮው «ደረሰኙን በፒዲኤፍ ላኩ» ብሎ አዝዞ ነበር። የጣቢያው ሠራተኛ ፎቶውን አንስቶ የስሙን መጨረሻ ከ«ጄፒጂ» ወደ «ፒዲኤፍ» ቀይሮ ይልካል። ስም ሲቀየር ዓይነቱም የሚቀየር መስሎታል፤ ስልኩም አልከለከለውም፣ ቴሌግራምም እንደ ሰነድ አድርሶለታል። የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል። የተሰጠው ትእዛዝ እንዴት እንደሚፈጸም ግን ማንም አላሳየውም ነበር።

መፍትሔው ሁለት ጎን ነበረው። ለተከማቹት፣ በስማቸው ፒዲኤፍ የሆኑትን ሁሉ እያነሳ በ«ፋይል» የሚያስመረምርና የማይስማሙትን የሚዘረዝር አጭር ተደጋጋሚ ትእዛዝ ተጻፈ። ገዢዎች ፒዲኤፍ የሚጠይቁባቸው «አይኤምጂ2ፒዲኤፍ» በተባለው ትእዛዝ በእውነት ወደ ፒዲኤፍ ተቀየሩ፤ ይህ መሣሪያ የጄፔጉን ምስል እንዳለ በፒዲኤፍ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ የማኅተሙና የፊርማው ጥራት አይቀንስም። የቀሩት ወደ እውነተኛ ስማቸው ተመለሱ። ለወደፊቱ ደግሞ ጣቢያዎቹ ፎቶውን እንዳለ እንዲልኩ፣ መቀየሩ ቢሮው ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። በደካማ ኔትወርክ ከገጠር ቀበሌ ፎቶ የሚልክን ሠራተኛ በፋይል ዓይነት ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ አጠገባችን እያለ።

የሒሳብ ሹሙ ጉዳይ በተለየ መንገድ መጣ። እሳቸውም መዝገብ ያዧን አይተው በዊንዶውሳቸው ላይ ተመሳሳዩን ፈለጉ። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስመር ላይ ሥራው የ«ስታርት» ነው። የማህደሩ ስም ክፍተት ስላለበት ሙሉ አድራሻውን በትእምርተ ጥቅስ ከበቡት፣ ማንም የሚያደርገው ነው። የተከፈተው ግን ሌላ ባዶ ጥቁር መስኮት ነበር፤ የሰነዱ አድራሻ መስኮቱ አናት ላይ እንደ ርእስ ተጽፎ ይታያል። «ስታርት» በጥቅስ ውስጥ ያገኘውን የመጀመሪያ ነገር የመስኮት ርእስ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ ጥቅስ ይሰጠዋል፣ ከዚያ የፋይሉ አድራሻ ይከተላል። ፓወርሼል በተባለው ሌላው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ «ኢንቮክ-አይተም» ይህ ጣጣ የለበትም፤ ሹሙ የተለማመዱትም እሱን ነው።

ዊንዶውስ ዓይነትን የሚያውቀው በስም መጨረሻ ብቻ ነው። ስካነሩ አንዳንዴ ያለ ምንም መጨረሻ የሚያስቀምጣቸው ፋይሎች በመዝገብ ያዧ ሊኑክስ ላይ ውስጣቸው ታይቶ ይከፈታሉ፤ ሹሙ ጋ ሲደርሱ ግን «በምን ልክፈተው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ያመጣሉ። «አሶክ» እና «ኤፍታይፕ» የተባሉት የዊንዶውስ ትእዛዞች የትኛው መጨረሻ ከየትኛው ፕሮግራም ጋር እንደተሳሰረ ያሳያሉ፤ ነገር ግን ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የተጠቃሚው ምርጫ ለብቻው በጥበቃ ስለሚመዘገብ፣ እነሱ የሚሉትና በእርግጥ የሚከፈተው ላይገጥም ይችላል።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በተጓዙ ጊዜ ኤስኤስኤች በተባለው የርቀት መግቢያ ወደ ጅማው ኮምፒውተር ገብተው ያችኑ ትእዛዝ ሞከሩ። «ለመክፈት የሚያስችል መንገድ የለም» የሚል መልእክት መጣላቸው። ብልሽት አልነበረም። መመልከቻ መስኮት የሚሳልበት ስክሪን ይፈልጋል፤ በዚያ ዓይነት ግንኙነት የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሰነዱን ፋይል ከርቀት በሚቀዳው «ኤስሲፒ» በተባለው ትእዛዝ ወደ ራሳቸው ላፕቶፕ ቀድተው እዚያው መክፈት ነው ያለባቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ደረሰኝ» የተባለችው ትእዛዝ እንደገና ተጻፈች፤ ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው። «ኤክስዲጂ-ኦፕን» ሳይሳካለት ሲቀር ቁጥር ይመልሳል፤ 2 ፋይሉ እንደሌለ፣ 3 አስፈላጊው መሣሪያ እንዳልተገኘ፣ 4 ድርጊቱ እንዳልተሳካ ይናገራል። ቁጥሮቹ ለመዝገብ ያዧ ምንም አይነግሯቸውም፤ ስለዚህ ትእዛዟ ወደ አማርኛ ትመልሳቸዋለች፦ «ይህ ቁጥር ያለው ደረሰኝ አልገባም፤ ጣቢያውን ይጠይቁ» ወይም «መክፈቻው ፕሮግራም የለም፤ ባለሙያ ይጥሩ»። 0 መመለሱም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሰነዱ ለተመዳቢው መሰጠቱን እንጂ መነበቡን አያረጋግጥም። ለዚህ ሲባል ትእዛዟ ከመክፈቷ በፊት ስሙንና ውስጡን ታስተያያለች፤ ካልተስማሙ «ስሙ ፒዲኤፍ ነው፣ ውስጡ ግን ፎቶ ነው» ብላ በፎቶ መመልከቻው ትከፍተዋለች። መስኮቱ ላይ የቆመው ገበሬ ሳይጉላላ ፋይሉ ለእርማት ይመዘገባል።

አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ትስስሩ እንዳይናጋ፣ ሠራተኞቹ ሲገቡ የአራቱን ዓይነቶች ተመዳቢ ጠይቆ ከተጻፈው ጋር የሚያነጻጽር ሌላ አጭር ትእዛዝ ይሠራል፤ ልዩነት ካገኘ የትኛው እንደተቀየረ በስክሪኑ ላይ ይጽፋል፣ በራሱ ግን አይቀይርም። ወጣቱ ጊምፕን እንደያዘ ነው፤ የናሙና ፎቶዎቹን «ጊምፕ» ብሎ የፋይሉን ስም በማስከተል በቀጥታ ያነሳቸዋል፣ ነባሪውን መንካት አያስፈልገውም። ያልተጠናቀቀው የስካነሩ ነገር ነው። መጨረሻ የሌላቸው ፋይሎች ወደ ማህደሩ ሲገቡ በውስጣቸው ተለይተው መጨረሻ እንዲሰጣቸው ተደርጓል፤ ከዚያ በፊት የገቡትን ግን መዝገብ ያዧ ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው የክረምት ወራት በየተራ ሊያስተካክሏቸው ይዘዋል።